ለነጃት አንድ ታንክ ነዳጅ

የቆቦ ሰው ለራሱ ጉዳይ ተጉዞ አያውቅም! ተጓዥ የሚመስላችሁ ሁሉ የሌላ ሰው ዕቃ ሊያደርስ ወጥቶ፣ እግረ መንገዱን የራሱንም ጉዳይ ለመፈጸም የሚሞክር ምስኪን ነው። ካላመናችሁ አንድ ቀን መናኸሪያ ሂዱና ወደ ደሴ የሚወጣውን ሚኒባስ ቆማችሁ እዩት። እያንዳንዱ ተሳፋሪ በጭኑ ላይ የጎረቤቱን ፌስታል፣ በእግሩ ስር የአክስቱን ጀሪካን፣ በኪሱ ውስጥ የማያውቀውን ሰው ስልክ ቁጥር ይዟል።

እኔ ራሴ ባለፈው ዓመት ጥርሴን ልነቀል ደሴ ስሄድ አንድ ከረጢት የማሽላ ዱቄት፣ እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ እና «ካገኘህ አሠርተህ አምጣልኝ» የተባልኩት የተሰበረ መነጽር ይዤ ነበር። ዶሮው ወልድያን እንዳለፍን ገመዱን ፈትቶ ሾፌሩ ትከሻ ላይ ወጣ። ደሴ ገብቼ ዕቃውን ለየባለቤቱ ሳደርስ፣ መነጽር ሠሪ ሳፈላልግ፣ የጥርስ ሐኪሙ ዘግቶ ሄደ። ጥርሴን ይዤው ተመለስኩ… አሁንም አለ፣ በግራ በኩል ነው።

«እምቢ ለምን አትልም?» ትሉኝ ይሆናል። እናንተ ደግሞ! አደራ እምቢ ይባላል እንዴ? እዚህ አገር ሰርግ ብትቀሩ ታሞ ይሆናል ይባልላችኋል። ለቅሶ ብታረፍዱ መንገድ ይዞት ነው ይባላል። «ዕቃህን አልወስድም» ያላችሁ ቀን ግን ሰላምታችሁ ራሱ ይቀዘቅዛል፤ እኔ ደግሞ ሰው ሲያኮርፈኝ ምግብ የማይወርድልኝ ሰው ነኝ።

ይህን ሁሉ የምዘበዝብላችሁ ሮኬቴ ለምን እንደወደቀ እንዲገባችሁ ነው። አዎ፣ ሮኬት ነው ያልኩት።

ቆቦ አስፋልቱ ዳር ትንሽ የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለችኝ። አንድ ልጅ አለችኝ፣ ነጃት ትባላለች። ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ጀምሮ እኔና እሷ በሱቁ ኮምፒውተር ላይ ሮኬት የሚሠራበት ጨዋታ እንጫወታለን። ታንኩን ከታንክ፣ ሞተሩን ከሞተር ትቀጣጥሉና ትለኩሱታላችሁ፤ ወይ ጠፈር ይወጣል ወይ ይወድቃል። የኛ ብዙውን ጊዜ ይወድቃል። ዘንድሮ ነጃት አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደረሳትና ሄደች። ጨዋታውንም በላፕቶፗ ይዛው ሄደች፤ እሷ የሠራችውን በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ እኔ ቀጥዬበት እመልስላታለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ? ስለሌላ ነገር ስንደዋወል ወሬያችን «ደህና ነኝ አባ፣ በልቻለሁ አባ፣ ቻው አባ» ነው። ስለ ሮኬት ከሆነ ግን ባትሪዋ እስኪያልቅ ታወራኛለች። ስለዚህ ለናንተ ጨዋታ ይምሰላችሁ እንጂ ለኔ ልጄን የማገኝበት በር ነው።

በቅርቡ ነጃት ጠፈር ላይ አንድ ጣቢያ ሠራች። ውስጡ ሦስት ጠፈርተኞች አስገባችና ስም አወጣችላቸው፦ ኢብሬ፣ ሰዓዳ፣ ነጃት። ኢብሬ እኔ ነኝ፣ ሰዓዳ እናቷ ናት። ችግሩ መውረጃ ነዳጅ አለቀባቸው። እስቲ አስቡት… ምድር ላይ እሷ አርባ ምንጭ፣ እኛ ቆቦ። እዚያ ላይ ግን ሦስታችንም አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘን ዓለምን እንዞራለን።

ደወለችልኝ።

«አባ፣ እኔ ፈተና ላይ ነኝ። አንድ ታንክ ነዳጅ ላክልኝና ላውርዳቸው።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

«እሱን ብቻ! ታንኩ ራሱ በጣም ከባድ ነው። ሌላ ምንም እንዳትጭን።»

«እሺ አልኩሽ እኮ። ለእረፍቱ ግን ትመጫለሽ አይደል?»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት፣ አልተቋረጠም።

«አባ… መንገዱ ረጅም ነው፣ እረፍቱ ደግሞ አጭር ነው። ከጓደኞቼ ጋር እዚሁ ብቆይ ይሻላል።»

«አብሽሪ፣ እሱ ይሻላል» አልኳት።

ምኑ ነው የሚሻለው! ስልኩን ዘግቼ የአንድ ደንበኛ መታወቂያ ፎቶ ኮፒ ሳደርግ በሁለቱም በኩል ጀርባውን አነሳሁለት። ማታ ለሰዓዳ ስነግራት ለነጃት ብላ ያዘጋጀችውን በሶ ከነዕቃው አንስታ ወደ ጓዳ መለሰችው። እንግዲህ ልጄን ማምጣት ካልቻልኩ የጠየቀችኝን አንድ ታንክ ነዳጅ እንኳ በወጉ ላድርስላት ብዬ በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ።

የኮምፒውተሬ ፊት ወደ በሩ ነው። መከራዬ ከዚህ ይጀምራል። መጀመሪያ የሠራኋት ሮኬት ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ለዓይን የምታምር ነበረች። ጎረቤቴ እትዬ ዘምዘም ብቅ አለች። እትዬ ዘምዘም ልብስ ሰፊ ናት፤ ነጃትን ከልጅነቷ ጀምሮ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት እሷ ናት።

«ኢብሬ፣ ይህ ሚናራ የየት መስጊድ ነው?»

«ሮኬት ነው እትዬ። ለነጃት ነዳጅ ልልክላት ነው።»

«ጨዋታ ነው» ብዬ መጀመር ነበረብኝ! እትዬ ዘምዘም ከንግግሬ ውስጥ የሰማችው «ለነጃት» የሚለውን ብቻ ነው።

«ነጃቴ ጋ የሚሄድ ነገር ኖሮ ሳትነግረኝ?»

«እትዬ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ እኮ ነው…»

«ጨዋታስ ቢሆን! ልጅቷ ነዳጅ ትበላለች? በቅቤ ያሸሁት ጭኮዬ እያለ ባዶ ነዳጅ ብቻ ይላካል? ወላሂ ታዝቤሃለሁ ኢብሬ!»

ምን ላድርግ? ጨዋታው ውስጥ የዕቃ ሳጥን አለ፤ በላዩ ላይ የፈለጋችሁትን ስም መጻፍ ትችላላችሁ። አንድ ሳጥን ከሮኬቷ ጎን ለጠፍኩና «የእትዬ ዘምዘም ጭኮ» ብዬ ጻፍኩበት። አነጽራ አየችው።

«አነሰ። አብረዋት ያሉትስ?»

ሁለተኛ ሳጥን ለጠፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኪሮስ መጣ። ጋሽ ኪሮስ ከፊት ለፊቴ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ወላጆቹ ከማይጨው በኩል መጥተው ነው እዚህ የከተሙት፣ እሱ እዚሁ ተወልዶ አርጅቷል። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ውሃስ?» አለኝ።

«የምን ውሃ?»

«ዋይ! ልጅ በረሃ ስትልክ ያለ ውሃ ነው እንዴ?»

«ጋሽ ኪሮስ፣ ጠፈር በረሃ አይደለም።»

«ውሃ አለው?»

«የለውም።»

«ዛፍ አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያስ!»

በክርክር ተሸነፍኩ። እሱ ሱቅ በር ላይ የቆመውን የሚያክል የውሃ ታንከር ከሮኬቷ አናት ላይ ጫንኩ።

ቀጥሎ ሰይድ ደረሰ። ሰይድ ከቆቦ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ ወደ ደሴ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ገና ከበሩ ሳይገባ «ትርፍ ጎማ ይዘሃል?» አለኝ።

«ሰይዶ፣ እዚያ መንገድ የሚባል ነገር የለም።»

«መንገድ ከሌለማ አንድ ጎማ አይበቃም!»

ጎማዎቹን ደረደርኩ። በማግስቱ ሰዓዳ ምሳ ይዛልኝ መጣች፤ እሷ እንኳ ታድነኛለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ስክሪኑን ቀረብ ብላ አየችው።

«ሦስታችንም እዚች ውስጥ ነን?»

«አዎ።»

«እንግዳ ቢመጣስ?»

አንድ ክፍል ጨመርኩ። መስኮት ያለው ክፍል። ውድ አንባቢያን፣ በጨዋታው ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ እንደዚያ ክፍል የሚከብድ የለም!

በነሱ መሳቄን ግን አልተውኩም። እነዚህ ሰዎች ጨዋታና እውነት አይለዩም እያልኩ ብቻዬን ስስቅ ቆየሁና፣ ሱቁ ጭር ሲል ዞር ዞር ብዬ አይቼ፣ ያለውን ትልቁን አንቴና ጫፉ ላይ ተከልኩ። ስደውልላት ሁልጊዜ «አባ ኔትወርክ እምቢ አለኝ» ትለኛለችና…

አሁን ወደ መተኮሱ እንሂድ። እትዬ ዘምዘም ዱዓ አደረገች፣ ሁላችንም አሚን አልን፤ ጋሽ ኪሮስ አማተበ። ሞተሩን ልለኩስ እጄን ስዘረጋ ሮኬቱ ሳይለኮስ፣ ሳይነካ፣ በቆመበት ከነጓዙ ተንበረከከና ተዘረጋ። የራሱ ክብደት ነው የጣለው።

«ችግሩ አስተሳሰርህ ነው» አለ ሰይድ፣ እየተኩራራ። «ይህን የመሰለ ጭነት እንዲህ አላልተህ እዚህ ቅርብ ጎብዬ እንኳ አትደርስም። ተነስ፣ እኔ ላሳይህ።»

ጨዋታው ውስጥ ማሰሪያ ብረት አለ። ሰይድ በጣቱ እየጠቆመ «በዚህ አዙር፣ በዚያ ሳበው፣ አጥብቀው!» ሲለኝ ዋለ። ስንጨርስ ሮኬቱ በመረብ የታሰረ የሽንኩርት ከረጢት መስሎ ነበር። ለኮስኩት። ተነሳ! ሁላችንም ከወንበራችን ተነሳን። ትንሽ እንደወጣ የውሃ ታንከሩ ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፣ ሮኬቱም ታንከሩን ተከትሎ ዞረ፣ አፍንጫውን ወደ ጨዋታው ባሕር አድርጎ መጋለብ ጀመረ።

«ጭኮዬ!» አለች እትዬ ዘምዘም፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና።

«ጉልበት ነው ያነሰው» አለ ጋሽ ኪሮስ። «ሞተር ጨምር።»

ሞተር መጨመር ቀላል ይመስላችኋል። እስቲ ከአፋር ጨው የሚያመጡትን ግመሎች አስቡ። መንገዱ ሳር የሌለበት ቢሆንና መኖ ተጭኖ ይሂድ ቢባል፣ ለመኖው ሌላ ግመል ይፈለጋል። ያም ግመል ይበላል፤ ለሱም መኖ የሚጭን ሌላ ግመል… በመጨረሻ ሜዳው ሙሉ ግመል ይሆንና ጨው የጫነው ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ነው። ሮኬትም እንደዚያ ነው። ሞተር ስጨምር ነዳጅ አነሰው፣ ነዳጅ ስጨምር ከበደው፣ ሲከብደው ሞተር ጨመርኩ። ከሥሩ እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ የእህል ክምር አከለ። ኮምፒውተሬ እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ጀመረ፤ ሮኬቱ ሲነሳ ስክሪኑ እየተንቀራፈፈ አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ እስኪቀጥል ድረስ እትዬ ዘምዘም ወጥታ የሸሚዝ ቁልፍ ተክላ ትመለሳለች።

አንዱ ሙከራማ ጥሩ ሄዶልን ነበር። ደመናውን አልፈን፣ ሰማዩ ጠቆር ብሎ፣ ሁላችንም ትንፋሻችንን ይዘን… መብራት ሄደ!

«ኧረረረ!» የሚለው ጩኸታችን አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አስቆመ። ባለባጃጁ ኳስ እያየን መስሎት «ማን አገባ?» ብሎ ጠየቀ።

በዚህ መሐል ነጃት መልእክት ላከች። «አባ ነዳጁ የት ደረሰ? ከበደህ እንዴ?» ትላለች። «ተቃርቧል» ብዬ መለስኩ። ልጄ ከኔ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ማድረስ አቅቶኝ ስክሪን ላይ ማፍጠጤ አንገበገበኝ። የግድ ዕቃ መቀነስ አለበት ብዬ ቆረጥኩና ባለዕቃዎቹን ሁሉ ሰበሰብኳቸው።

«ወገኖቼ፣ ካልቀነስን አይወጣም» አልኩ።

«እውነት ነው» አለ ጋሽ ኪሮስ። «ሰው ማሰብ አለበት። ጎማው ይውረድ።»

«ጎማ?» አለ ሰይድ። «ጎማ ምን ይመዝናል? ታንከርህን አውርድ እንጂ!»

«ውሃ ከልጅ አፍ ልንጠቅ?»

«ጭኮውን የሚነካ ሰው» አለች እትዬ ዘምዘም፣ መርፌዋን ደረቷ ላይ እየሰካች፣ «ሰላም አይበለኝ!»

ሁሉም ወደ ሰዓዳ ዞሩ። ሰዓዳ እኔን አየችኝ። ሃያ ዓመት አብረን ስንኖር ያ አስተያየት ምን ማለት እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ክፍሉ አይወርድም ማለት ነው።

«አንቴናው የማን ነው?» አለ ሰይድ ድንገት።

«አንቴናው… አንቴናው የሮኬቱ ነው» አልኩ።

ሽምግልናው ብዙ ከቆየ በኋላ በስምምነት ተፈታ። የማንም ዕቃ እንዳይወርድና ተጨማሪ ሞተር እንዲገጠም ተወሰነ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቄ ሰው በሰው ሆነች። ለኮስኩ። አወጣጡን ምን ብዬ ልንገራችሁ? እርጉዝ ላም ከማጥ ስትወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው፣ ግን ወጣ! ደመናውን አለፈ። ነዳጅ ያለቀባቸው ታንኮች እየተፈነቀሉ ወደቁ። ሰማዩ ጠቆረ። ከታች ምድር ክብ ሆና ታየች፣ እትዬ ዘምዘም «ሱብሃነላህ!» አለች። ጣቢያው ሩቅ ላይ እንደ ኮከብ ብልጭ አለ። ደረስን ስል፣ ሞተሩ ተንተፋተፈና ዝም አለ። ነዳጅ አለቀ።



«ያ ሙሉ ታንክ ምንድነው?» አለኝ ሰይድ፣ በጣቱ እያሳየኝ።

«እሱማ የነጃት ነው። የተላከው እሱ ነው።»

«ከሱ ትንሽ ብትቀዳ ምን አለበት? ደርሰን የለም እንዴ?»

ትንሽ ቀዳሁ። ቀረብን። ትንሽ ጨመርኩ። ይበልጥ ቀረብን። እንዲያው ለማስተካከያ፣ ለመጠጊያ፣ ለማቆሚያ ትንሽ ትንሽ ስል… ጣጥ ብሎ ተገጠመ! እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ኪሮስ አቀፈኝ፣ ሰይድ ወጥቶ የመኪናውን ጡሩምባ ነፋ፣ እትዬ ዘምዘም «ጭኮዬ ገባ!» እያለች አለቀሰች። እኔም እንባዬን እየጠረግሁ ጨዋታውን ለነጃት ላክሁላት።

ብዙ ሳይቆይ ደወለች።

«አባ… ይህ ሁሉ ምንድነው?»

«አደራ ነው።»

«የእትዬ ዘምዘም ጭኮ፣ ሁለት ሳጥን! ይሄ ታንከር…»

«ጋሽ ኪሮስ ነው። ውሃ የለም ብሎ።»

«ጎማውስ? ለምን ጎማ?»

«መንገድ ስለሌለ።»

«ይሄ ክፍል…»

«እናትሽ። እንግዳ ቢመጣ ብላ።»

መሳቅ ጀመረች። ሳቀች፣ ሳቀች፣ እስክትታፈን ሳቀች። ከዚያ ቀስ ብላ «አንቴናውስ አባ?» አለችኝ።

«ኔትወርክ እንዲይዝልሽ ነው።»

ሳቁ ቆመ። አፍንጫዋን ስትስብ ሰማኋት።

«አባ፣ ሁሉም ነገር ደርሷል» አለች በመጨረሻ። «ነዳጁ የታለ?»

ታንኩ ውስጥ ጠብታ አልነበረም። የጠየቀችው አንዱ ነገር ብቻ ቀርቶ ያልጠየቀችው ሁሉ ደርሶላት ነበር። ሱቅ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አፌን አፌን ያየኛል።

«መንገድ ላይ… ትንሽ ተጠቀምንበት» አልኩ።

«አትንካው» አለችኝ። «ወላሂ አባ አንድ ነገር እንዳትነካ። እኔ ራሴ መጥቼ አወርዳቸዋለሁ።»

«መጥተሽ? የት መጥተሽ?»

«ቆቦ ነዋ! ለእረፍቱ እመጣለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ ሰዎቹ ዞርኩ። «ትመጣለች!» አልኩ። ሰዓዳ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እትዬ ዘምዘም ግን ዓይኗ ገና እርጥብ እያለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ኢብሬ፣ ከመጣች አይቀር አርባ ምንጭ ሙዝ ርካሽ ነው አይደል?»

«ሙዝ ከተባለማ» አለ ጋሽ ኪሮስ፣ «እኔም ማንጎ…»

በሕይወቴ ብዬው የማላውቀው ቃል ከአፌ ወጣ።

«እምቢ!» አልኩ። «ልጄ ባዶ እጇን ነው የምትመጣው! ይቺ ልጅ ሁለተኛ መንገድ ላይ ነዳጅ አያልቅባትም!»

እትዬ ዘምዘም አኮረፈች፤ ጋሽ ኪሮስ ቀዝቀዝ ያለ ሰላምታ ሰጠኝ። ምግብ ግን ወረደልኝ።

ነጃት አንዲት ቦርሳ ብቻ በጀርባዋ ይዛ መናኸሪያ ወረደች። እናቷ አቀፈቻት፣ ራቅ አድርጋ አየቻት፣ ከፍ አድርጋ ልታነሳት ሞከረችና «ቅልል ብለሻል! ምነው ልጄ፣ እንደ ላባ ቀለልሽ!» ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ጭነት ላይ ነን፤ እትዬ ዘምዘምም ኩርፊያዋን ረስታ በጠዋት ትመጣለች።

ጠፈር ላይ ያሉት ሦስቱ ግን አሁንም ይዞራሉ። ነጃት አልፎ አልፎ «አባ፣ ነዳጁን ልከን እናውርዳቸው እንጂ» ትለኛለች። እረፍቷ እስኪያልቅ ገና ጥቂት ቀናት አሉ።

«ነገ» እላታለሁ። «ምን አስቸኮለሽ?»